ከጓዳ የቀሩትን ልጆች መመዝገብ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራ ነው

«ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ በቦረናና በሳይንት፣ በወግዲና በለጋምቦ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር የግብርና ባለሙያ አንድ የሚያሳስብ ነገር ያስተውላል። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት ለመመዝገብ የቤተሰብ ቁጥር ሲጠየቅ አባወራው «አምስት ልጆች አሉኝ» ብሎ ያስጽፋል። መዝገቡ ተዘግቶ ቡና ሲቀርብ ግን ከጓዳ የስድስተኛው ልጅ ድምፅ ይሰማል። ያ ልጅ እግሩ ተቆልምሞ የተወለደ፣ ወይም ዓይኑ የማያይ፣ ወይም ጆሮው የማይሰማ፣ አለዚያም በሽታ በየጊዜው የሚጥለው ልጅ ነው። አባቱ ያላስቆጠረው ስለማይወደው አይደለም። ልጁ ነገ ይማራል፣ ይሠራል፣ ለራሱም ይበቃል ብሎ ስለማያስብ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚቀርበው ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ነው። በወረቀት ላይ «የቀበሌ አስተዳደር» ቢባልም ሕዝቡ እስከ ዛሬ ገበሬ ማኅበር ብሎ ይጠራዋል፤ ችግሩንም ይዞ የሚመጣው ወደዚያው ነው። ሐኪሙ የሚያክመው የመጣለትን ነው። መምህሩ የሚያስተምረው የተመዘገበለትን ነው። ከጓዳ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሊያገኘው የሚችለው የጎጡን ቤቶች አንድ በአንድ የሚያውቀው የገበሬ ማኅበሩ መሪ ነው። ስለዚህ የአካል ጉዳት ወይም የቆየ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ለትምህርትና ለሕክምና የማብቃቱ ሥራ የሚጀመረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለን።

ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አለመሆኑን አኃዝ ያስረዳል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ልጆች አሉ። ይህም ከ10 ልጆች 1 ማለት ነው። በዚህ ስሌት 1,000 ልጆች ባሉበት ቀበሌ ቀላልም ሆነ ከባድ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወደ 100 ሊደርሱ ይችላሉ። ሁሉም የማይራመዱ ወይም ጨርሶ የማያዩ አይደሉም። አንዱ በሰሌዳ ላይ የተጻፈው የማይታየው፣ ሌላው በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ፣ ሌላው ደግሞ ትምህርት ቶሎ የማይገባው ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ መሪ ራሱን ይጠይቅ። በቀበሌዬ መዝገብ ላይ ስንት ተጽፈዋል? አሥር? አምስት? ወይስ አንድም የለም? ቁጥሩ ካነሰ ልጆቹ ስለሌሉ ሳይሆን ስላልተጻፉ መሆኑ አያጠራጥርም።

በዚህ ጊዜ «እሺ፣ ቢመዘገብስ፣ ቢማርስ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ከስብሰባው መካከል መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው የክፋት አይደለም። ጥሪት ያጠረው ገበሬ ዘሩን በማይበቅልበት መሬት ላይ መዝራት አይፈልግም። መልሱን ለማግኘት ግን ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከጎረቤታችን ከሳይንት ይገኛል። ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለዱት በ1974 ዓ.ም. በሳይንት ነው። በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን አጡ። ቤተሰባቸው ግን ከጓዳ አላስቀራቸውም። ለትምህርት ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ካቶሊክ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ተላኩ። ከዚያም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ተማሩ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቀው በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ጨመሩ። ለአካል ጉዳተኞች መብት የሚሠራ ድርጅት ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» እያሉ የሚጠሩትን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ከወይዘሮ የትነበርሽ ታሪክ አንድ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። እርሳቸው በአደባባይ ደጋግመው እንደተናገሩት ዓይናቸው ባይጠፋ ኖሮ እንደ ሌሎቹ የአካባቢው ልጃገረዶች በልጅነታቸው ይዳሩ ነበር። ማለትም ለትዳር አትሆንም ተብላ የተተወችው ልጅ ለትምህርት ተረፈች። ይህ ስለ ዓይነ ሥውርነት ከሚነግረን ይልቅ ስለ እኛ ልማድ የሚነግረን ይበልጣል። አንዷን በጋብቻ፣ ሌላውን በእረኝነት፣ ሦስተኛውን በጓዳ የምናስቀረው እኛው ነን። መሬቱ ለም ሆኖ ሳለ ጦም የሚያድረው ዘር ስላልተጣለበት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ልጅ እስከ ሻሸመኔ ሊላክ አይችልም፤ ሊላክም አይገባም። ሕፃን ልጅን ከእናቱ ነጥሎ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መስደድ ለቤተሰብ ከባድ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቶቹም ያላቸው ቦታ የተወሰነ ነው። መፍትሔው በቀበሌው ያለው ትምህርት ቤት በሩን ሲከፍት ነው። መንግሥትም ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ይላል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሻሻለው የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂም አካል ጉዳተኛ ልጆች በአካባቢያቸው ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲማሩ፣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶችም የድጋፍ መስጫ ማዕከላት እንዲቋቋሙ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። ሕጉ አለ። የጎደለው ልጁን ይዞ ሄዶ «ይኸው፣ አስተምሩት» የሚል ሰው ነው።

ለነገሩ ማየት የተሳነውን ማስተማር ለወሎ አዲስ አይደለም። በየደብሩ የኔታ ዘንድ ዳዊትና ዜማ በቃላቸው የያዙ፣ ቅኔ የተቀኙ ዓይነ ሥውራን እንደነበሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። በየመስጊዱም ከሼኹ ፊት ተቀምጠው ቁርዓንን በጆሯቸው እየሰሙ በቃላቸው የሐፈዙ ዓይነ ሥውራን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። አባቶቻችን ዓይን ሲጠፋ ጆሮና ልብ እንዳልጠፉ ያውቁ ነበር። የኔታም ሆኑ ሼኹ ያደረጉትን የዘመኑ ትምህርት ቤት ማድረግ ያቅተዋል ብሎ ማመን የሚቻል አይደለም።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ብዙ ሰው ሊድን የሚችለውን ከማይድነው ጋር እየቀላቀለ ተስፋ ሲቆርጥ ይታያል። ለምሳሌ ያህል ቆልማማ እግርን እንውሰድ። በዓለም ላይ ከ1,000 ሕፃናት 1 ወይም 2 እግራቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ይወለዳሉ። ይህ እርግማን አይደለም፤ እናቲቱ ያየችው ወይም የረገጠችው ነገር ያመጣውም አይደለም። ዶክተር ፖንሴቲ የተባሉ በስፔን ተወልደው በአሜሪካ የሠሩ ሐኪም ያዘጋጁት ዘዴ ዛሬ በአገራችንም ይሠራበታል። እግሩ በየሳምንቱ ቀስ እየተባለ እየተቃና በጀሶ ይታሰራል። ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃል። ለአብዛኞቹ ሕፃናት ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በትንሽ ቀዶ ጥገና ይላላል። ከዚያ በኋላ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ይደረግለታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎም እስከ አራት ዓመቱ ገደማ ሌሊት ሌሊት። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል። ስለዚህ ሥራው እንደ እርከን ነው፤ አንድ ጊዜ ሠርተው የሚተዉት ሳይሆን የሚጠብቁት ነው። ሕክምናው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጀመር ይመረጣል፤ ዕድሜው የገፋ ልጅም ቢሆን ለሐኪም መታየት አለበት። መንገዱ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደሴ ነው። በደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። በአዲስ አበባም ኪዩር የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ያክማል።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። በደጋው ቤት ውስጥ እሳት ቀን ከሌት አይጠፋም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ምድጃ ላይ ወድቆ ፊቱን ወይም እጁን ሲያጣ፣ አለዚያም ውኃ ሲቀዳ ወንዝ ውስጥ ሲቀር መስማት የተለመደ ሆኗል። በጣም የሚያሳዝነው ጉዳቱ በአብዛኛው ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው መድኃኒቱን በአግባቡ ቢያገኙ ከ10 ሕሙማን እስከ 7 የሚደርሱት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የተባለው ክኒን ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ዋናው ነገር በየቀኑ መዋጡና ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አለመቋረጡ ነው። ልጁ ሲወድቅ የሚደረገውም ቀላል ነው። ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ አንገቱን ማላላት፣ እስኪነቃ አጠገቡ መቆየት። በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ እንጨት ማስገባት አያስፈልግም፤ ይጎዳዋል። ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አንዳች ጥቅም የለውም። በሽታው አይተላለፍም፤ በትንፋሽም፣ በለሃጭም፣ አብሮ በመብላትም። አምስት ደቂቃ አልፎት መንቀጥቀጡ ካላቆመ ግን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግድ ነው።

ጸበልን በሚመለከት ከሃይማኖት አባቶች ጋር መጣላት አያሻም። የሚጠመቀውም የሚጸልየውም እምነቱን ይያዝ፤ ዱዓ የሚያስደርገውም እንዲሁ። ሊባል የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸበሉ መድኃኒቱን አያስጥል። ይህን ከመምሬም ከሼኹም አፍ መስማት ከማንኛውም ባለሙያ ንግግር የበለጠ ይደመጣል። ወጌሻንም በሚመለከት እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ አጥብቆ ሲታሰር ደም ወደ ጣቶቹ መድረሱን ያቆማል፤ እጁ ይጠቁርና ይሞታል፤ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ልጆች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ እስራቱ በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት።

ሐኪም የማይፈውሰው ጉዳትም አለ። በወሊድ ጊዜ አየር አጥሮት አንጎሉ የተጎዳ ልጅ እጅና እግሩ ሊገታተር፣ አንገቱን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ክኒን የለም፤ ሥራ ግን አለ። ለዚህም የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በየቤቱ ይገኛል። ከግድግዳ ማዕዘን ጋር አስደግፎ በቁልቢጥ በተሞላ ከረጢት ግራና ቀኝ ደግፎ ማስቀመጥ ልጁን ከጀርባው ያነሣዋል። ሲመገብ ቀና ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ተንጋልሎ የሚመገብ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባና ይታመማል። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናዎች ከልጁ ወገብ ከፍታ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ቢታሰሩ ይዞ የሚለማመድበት መሄጃ ይሆናል። ማየት ለተሳነው ልጅ ከደጃፍ እስከ መጸዳጃ ቤት ገመድ ቢወጠር ያለ መሪ ይመላለሳል። ባቄላን ከአተር መልቀም፣ ጥጥ መፈልፈል፣ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ገበጣ መጫወት ጣትን ያፍታታል፤ ቁጥርም ያስተምራል። እንቆቅልሽና ተረት አንደበትንና ሐሳብን ያነቃሉ። የተገታተረ እጅና እግር በየቀኑ ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ይላላል፤ በኃይል መጎተት ግን ክልክል ነው። አጀማመሩን የጤና ባለሙያ ቢያሳይ ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ እናትም፣ እህትም፣ አያትም ሊያደርጉት ይችላሉ። ልጁም ከታናናሾቹ ጋር ተጫውቶ የሚስቅ ልጅ ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ትምህርት ቤቱስ ምን ያድርግ? ከገበሬ ማኅበሩ ጋር ሆኖ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነው። በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ ወጥቶ ተራራ የሚያስተክል ሕዝብ በክፍሉ በር ላይ ደረጃውን የሚተካ የድንጋይና የአፈር አቀበት በአንድ ቀን ይሠራል። ዓይኑ የደከመው ከፊት ይቀመጥ። ለማይሰማው ልጅ መምህሩ ፊቱን አዙሮ ይናገር፤ ቃሉንም በእጅ ምልክትና በጽሑፍ ያግዝ። በአንድ ወረዳ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ተለይተው ቢታወቁ በአንድ ትምህርት ቤት ተሰባስበው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር እንዲመደብላቸው ወረዳውን መጠየቅ ይቻላል። ለአንድ ልጅ መምህር መጠየቅ ያዳግታል፤ ለአሥራ አምስት ልጆች ግን መዝገብ ይዞ መጠየቅ ይቻላል። መዝገቡ ይህን ያህል ኃይል አለው። በመካነ ሰላም ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ለአካባቢው ሕዝብ በሚሰጠው የማኅበረሰብ አገልግሎት በዚህ ረገድ እንዲያግዝ በደብዳቤ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወጪውን በሚመለከት መሪዎች በእጃቸው ያለውን መሣሪያ ሁሉ ሲጠቀሙበት አይታይም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር እ.ኤ.አ. በ2011 ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ በዚሁ በደቡብ ወሎ የሚገኘው ተሁለደሬ ነበር። ዛሬ መድኑ በብዙ ወረዳዎች ይሠራል። መክፈል የማይችሉትን ድሆች የሚመርጠው ቀበሌው ነው። እዚህ ላይ ከጓዳ የቀረው ልጅ ነገር ይመለሳል፤ በመድኑ ደብተር ላይ ስሙ ያልሰፈረ ልጅ በታመመ ጊዜ በሩ ላይ ችግር ይገጥመዋል። ሴፍቲኔት ባለበት ቀበሌም እንዲህ ያለ ልጅ የምታስታምም እናት አቅም ካላቸው ጋር አብራ ድንጋይ ተሸከሚ ከመባሏ በፊት ሁኔታዋ በአግባቡ መታየት ይኖርበታል። ከመካነ ሰላም ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመጓጓዣና የስንቅ ወጪ አንዱን ቤት ያጎብጣል። ቅሬ ለሞተ ሰው ይደርሳል፤ ለሚታከም ልጅስ ለምን አይደርስም? ወንፈል ለአጨዳ አለ፤ አባትና እናት ልጃቸውን ይዘው ደሴ ሲሰነብቱ ማሳቸውን የሚያርምላቸው ወንፈል ለምን አይኖርም?

ያለፉት ዓመታት ይህን ሥራ እንዳከበዱት መደበቅ አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ድረስ ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገድም በየጊዜው ተቋርጧል። ትምህርት ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው፣ ሲከፈት ደግሞ መጨረሻ የሚመለሰው አካል ጉዳተኛው ልጅ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ የሚወድቀውም እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ መድኃኒቱ ከማለቁ በፊት አስቀድሞ ማስመጣት፣ ወደ ደሴ ከመነሣት በፊትም በስልክ ማጣራት ይበጃል። ሆኖም መንገድ መዘጋቱ ልጁን ከመዝገብ፣ አጣናውንም ከደጃፍ አይከለክልም።

የሚቀረው መከላከሉ ነው። ነፍሰ ጡር እናት በጤና ጣቢያ ብትወልድ፣ ሕፃናት የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባታቸውን ቢጨርሱ፣ ቫይታሚን ኤ በየስድስት ወሩ ቢወስዱ፣ ቤቱ አዮዲን ያለበት ጨው ቢጠቀም፣ የልጆች ፊት በየቀኑ ቢታጠብ የነገው መዝገብ ያጥራል። የፊት መታጠብ ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የአማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው።

የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በመሬት አዋጁ ከተቋቋሙ ወዲህ ብዙ ሸክም ተሸክመዋል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ማንበብ የማይችለውን እየለየ የመዘገበ፣ ዳስ የጣለ፣ ሽማግሌውንም ባልቴቷንም ለትምህርት ያስቀመጠ ገበሬ ማኅበሩ ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። በዚያ ዘመን የነበረው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አይደለም። ሰው ለይቶ መመዝገብና ቤቱ ድረስ ሄዶ መጥራት የሚቻል ሥራ መሆኑን ለማሳየት ነው።

እንግዲህ ከመስከረም የትምህርት መክፈቻ በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ እያንዳንዱ መሪ አራት ነገር ቢያደርግ ይበቃል። አንደኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከርእሰ መምህሩ ጋር ሆኖ በየጎጡ ይዙር። «ስንት ልጅ አላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ከቤት የማይወጣ፣ የማያይ፣ የማይሰማ፣ የሚወድቅ ልጅ አለ ወይ?» ብሎ በአክብሮት ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ የልጁን ስምና ዕድሜ ይጻፍ፤ «አንካሳው»፣ «ደንቆሮው» እየተባለ መጠራቱ በስብሰባ ላይ ይቅር፤ መጀመሪያ መሪው ራሱ በስሙ ይጥራው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወይስ ወደ ትምህርት ቤት እንደሚላክ፣ ማን እንደሚያደርሰው፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ ከስሙ አጠገብ ያስፍር። አራተኛ፣ በጥር ወር መዝገቡን ከፍቶ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ ብሎ ይጠይቅ።

አንድ መሪ በዚህ ዓመት ሦስት ልጆች ከጓዳ ቢያወጣ ትንሽ ሥራ ሠራ ብሎ የሚንቀው ካለ አጨዳውን አያውቅም። ማሳው በሙሉ ባንድ ቀን አይታጨድም፤ ነዶ በነዶ ነው። በሚቀጥለው ምዝገባ አባወራው «ስድስት ልጆች አሉኝ» ብሎ ሲያስጽፍ፣ ስድስተኛውም ደጃፍ ላይ ደብተሩን ይዞ ሲታይ፣ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለው አባባል ያን ጊዜ ከአፍ አልፎ በሥራ ላይ ዋለ ለማለት ይቻላል።